ዜናው በማን ቋንቋ ይነገር? ከማኒላ እስከ ቦሆል የጉዞ ማስታወሻ

ዱባይ ውስጥ፣ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ፣ አራት ዓመት አብራኝ የሠራች ፊሊፒናዊት ጓደኛ አለችኝ። የሌሊት ተረኛ ስንሆን እሷ ሩዝ፣ እኔ ሽሮ ይዘን እንመጣና እንካፈላለን። ቤሩት ወይም ሪያድ የኖረ ሐበሻም ይህን ያውቀዋል። እኛና ፊሊፒኖዎች የተዋወቅነው በሰው ሀገር፣ በሰው ኩሽና ውስጥ ነው።

አንድ ሌሊት "ቤታችሁ በምን ቋንቋ ነው የምታወሩት?" ብዬ ጠየቅኳት። ጣቶቿን እየቆጠረች መለሰችልኝ። "ጸሎት በሴብዋኖ። ትምህርት በእንግሊዝኛ። የቴሌቪዥን ዜና በታጋሎግ። ዋጋ በስፓኝ ቁጥር።" እየቀለደች መስሎኝ ነበር። ባለፈው ታኅሣሥ ሁለታችንም ፈቃድ አገኘንና ሀገሯ ይዛኝ ሄደች። ይህን የምጽፈው ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ቆይቼ ነው። የታሪክ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ነገር ላስቀድም። የገና ጾም ላይ ነበርኩ። የዓሣና የአሳማ ሀገር እየሄድኩ መሆኑን ስታስበው ጓደኛዬ ከእኔ ይበልጥ ተጨነቀች።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 20 (ዲሴምበር 29)፣ ማኒላ

ከአውሮፕላን ማረፊያ ኬሶን ሲቲ እስክንደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። የያዝነው መንገድ ኤድሳ ይባላል። የአዲስ አበባን የመስቀል አደባባይ መጨናነቅ በአሥር አባዙት። ከላይ ባቡር ያልፋል፣ ከታች መኪናው አይንቀሳቀስም። ግራና ቀኝ ያለው ማስታወቂያ ግን ጊዜ ሰጥቶ ያስነብባል። ቆዳ የሚያነጣ ሳሙና፣ ቆዳ የሚያነጣ ቅባት፣ እንደገና ሳሙና። የተለጠፉት ፊቶች ሁሉ ገርጣ ያሉ፣ አፍንጫቸው ሰልከክ ያለ ነው። ሾፌሩን አየሁት፣ ጓደኛዬን አየኋት። ያን ፊት የሚመስል አንድም ሰው መኪናው ውስጥ አልነበረም።

ያረፍነው አጎቷ ቤት ነው። እነሱ አጎትን "ቲቶ"፣ አክስትን "ቲታ" ይላሉ። ታላቅ ወንድም "ኩያ"፣ ታላቅ እህት "አቴ" ትባላለች። ታላቅን በስሙ ብቻ መጥራት ነውር ነው። እኛም ጋሼና እትዬ እያልን ስላደግን ወዲያው ገባኝ። ልጆቹ የቲቶን እጅ ይዘው ግንባራቸው ላይ ያስነካሉ። እኔም ጎንበስ ብዬ እንደዚያው አደረግኩ። ቲታ ደስ ብሏት እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ራት ቀረበ። ካንግኮንግ የሚባል እንደ ጎመን ያለ ቅጠል ነበር፣ "አትክልት ብቻ ነው" ተባልኩ። ሁለት ጊዜ ከጎረስኩ በኋላ ሽታው አፍንጫዬን መታው። የተፈጨ ሽሪምፕ ገብቶበት ኖሯል። ቲታ እንባ ሊቀድማት ደረሰ። ለእሷ እሱ ጨው ማለት ነው፤ ምግብ ነው ብላ አልቆጠረችውም። አጽናናኋትና በሩዝና በሙዝ አደርኩ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 21 (ዲሴምበር 30)፣ ኢንትራሙሮስና ሉኔታ

ይህ ቀን ስፓኞች የረሸኑት ደራሲ የሆሴ ሪዛል መታሰቢያ ነው፣ ሀገሩ ሁሉ ሥራ ይዘጋል። በጂፕኒ ሄድን። ጂፕኒ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካኖች ትተውት ከሄዱት ወታደራዊ ጂፕ የተወለደ ታክሲ ነው። አስረዝመው፣ አግዳሚ ገጥመው፣ ቀለም ቀብተው የራሳቸው አደረጉት። ትንሹ ሒሳብ ያኔ 13 ፔሶ ነበር፣ አንድ ድርሃም እንኳ አይሞላም። ረዳት የለውም። "ባያድ ፖ" ትልና ገንዘቡን ለአጠገብህ ሰው ትሰጣለህ፣ ከእጅ እጅ አልፎ ሾፌሩ ጋ ይደርሳል። መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። የእኛን "ወራጅ አለ" እነሱ "ፓራ ፖ" ይሉታል።

ኢንትራሙሮስ ስፓኞች ማኒላን በ1571 ከያዙ በኋላ በድንጋይ ግንብ የከበቧት አሮጌ ከተማ ናት። ውስጧ ያለው የሳን አጉስቲን ቤተ ክርስቲያን በ1607 ተሠርቶ ያለቀ ነው። በ1945 አሜሪካና ጃፓን ማኒላ ውስጥ ሲዋጉ ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ሲቪሎች አለቁ፣ ኢንትራሙሮስም አመድ ሆነች። ያ ቤተ ክርስቲያን ግን ተረፈ።

ፎርት ሳንቲያጎ የሚባለው ምሽግ መግቢያው ያኔ 75 ፔሶ ነበር። ሪዛል የመጨረሻ ቀኖቹን የታሰረው እዚያ ነው። ከእስር ቤቱ ጀምሮ እስከተረሸነበት ሜዳ ድረስ የእግሩ ዱካ በነሐስ መሬት ላይ ተነጥፏል። ጫማዬን ከዱካው አጠገብ አደረግኩት። የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው፣ የዓይን ሐኪም ነበር። የተረሸነው ዲሴምበር 30 ቀን 1896 ነው። ዓመቱን ሳነብ ቆም አልኩ። እኛ ዓድዋ ላይ ባሸነፍን ልክ በአሥረኛው ወር ማለት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ እኛ ነፃ ሀገር መሆናችንን ዓለም አወቀ፣ እነሱ ነፃነት የጻፈላቸውን ሰው ቀበሩ። ለጓደኛዬ ስነግራት ስለ ዓድዋ ሰምታ አታውቅም። እኔም ስለ ሪዛል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ሪዛል ጠመንጃ አልያዘም፤ ጻፈ። ሁለት ልብ ወለዶቹ በ1887 በርሊን፣ በ1891 ጌንት ታተሙ። ጓደኞቹ "ላ ሶሊዳሪዳድ" የሚባል ጋዜጣ በ1889 ባርሴሎና ላይ ጀምረው እስከ 1895 አወጡ። ጋዜጣው ወደ ፊሊፒንስ የሚገባው ተደብቆ ነበር። የመጨረሻ ግጥሙንም የአልኮል ምድጃ ውስጥ ሸሽጎ ለቤተሰቡ አስተላለፈ። ይህ ሁሉ የተጻፈው በስፓኝ ቋንቋ ነው። ስፓኞች ደግሞ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሲገዙ ቋንቋቸውን ለአብዛኛው ሕዝብ አላስተማሩም፤ ቄሶቻቸው የሀገሬውን ቋንቋ ተምረው መስበክን መረጡ። ስለዚህ የተጻፈለት ሕዝብ አብዛኛው ሊያነበው አይችልም ነበር። ዛሬም ተማሪው ሁሉ በሕግ ሪዛልን ያነባል፣ የሚያነበው ግን በትርጉም ነው።

"ፊሊፒኖ" የሚለው ስም ራሱ ከስፓኙ ንጉሥ ከዳግማዊ ፌሊፔ የመጣ ነው። በመጀመሪያ ስሙ የሚሰጠው እዚያ ለተወለዱ ስፓኞች ነበር፣ የሀገሬው ሰው "ኢንዲዮ" ይባላል። ሪዛልና ጓደኞቹ ስሙን ወስደው ለሁሉም አደረጉት። እዚህ ላይ አደነቅኳቸው። ሰው በተሰደበበት ስም ተዋርዶ ከመኖር ይልቅ የጌታውን ስም ወስዶ የራሱ ሲያደርገው ቀላል ነገር አይደለም።

የሉኔታ ሜዳ በሰው ሞልቶ ነበር። አሜሪካ ጁላይ 4 ቀን 1946 ባንዲራዋን ያወረደችው እዚሁ፣ ከሪዛል ሐውልት ፊት ለፊት ነው። ከዚያ በፊት በ1898 ፊሊፒኖዎች ነፃነታቸውን አውጀው ነበር። በዚያው ዓመት ግን ስፓኝ ሀገሪቱን በ20 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ አስረከበች። አንዲት እናት አጠገቤ ቁጭ ብላ የተቀቀለ ኦቾሎኒ ትሸጣለች። 20 ፔሶ ሰጥቼ ገዛሁ። "ቤንቴ" አለች። ስፓኝኛ ነው። ጓደኛዬ አየችኝና "አላልኩሽም?" አለችኝ።

ማክሰኞና ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 22 እና 23፣ ኬሶን ሲቲ

አዲስ ዓመት ነው። ገበታው ላይ አሥራ ሁለት ዓይነት ክብ ፍሬ ይደረደራል፣ ለአሥራ ሁለቱ ወር ሲሳይ። ለእኔ ከዚህ የተሻለ የጾም ገበታ አልነበረም። ፓስታውን ስኳር ያለው ቀይ ስጎ አፍስሰውበት ይበላሉ። ስጎው ከሙዝ የተሠራ ኬቻፕ ነው። ቲታ እንደነገረችኝ በጦርነቱ ጊዜ ቲማቲም ሲጠፋ ማሪያ ኦሮሳ የምትባል የምግብ ሳይንቲስት የፈጠረችው ነው። እሷም በ1945 በማኒላው ውጊያ ሞተች። ምግቡን አላየሁትም ብዬ ባልፍ ኖሮ ይህን ባልሰማሁ።

ቲቶ ዕድሜውን ሙሉ የጋዜጣ ማተሚያ ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እንግሊዝኛው ጋዜጣ በትልቁ ወረቀት፣ ታጋሎጉ በትንሹ ወረቀት ይታተማል አለኝ። "ፖለቲካና ኢኮኖሚ በትልቁ፣ ግድያና ሎተሪ በትንሹ። ትልቁን የሚያነበው ባለ ቢሮ፣ ትንሹን የሚያነበው ጂፕኒ ነጂ። አንድ ሀገር ነን፣ ሁለት ወሬ ነው የምንሰማው።" ሌሊቱን ርችቱ አላስተኛንም፣ እስከ ንጋት አወራን።

ቲቶ በ1986 ኤድሳ ላይ ነበር። የካቲት ውስጥ የማኒላው ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ሲን በቤተ ክርስቲያኒቱ ጣቢያ በራዲዮ ቬሪታስ ሕዝቡ አምባገነኑን ፕሬዚዳንት ማርኮስን ተቃውሞ ወደ መንገዱ እንዲወጣ ጠሩ። ወታደሮች ማሰራጫውን ሲያወድሙት የራዲዮ ጋዜጠኛዋ ጁን ኪትሊ ሌላ ቦታ ተደብቃ ስርጭቱን ቀጠለች። በአራት ቀን ውስጥ ማርኮስ ሀገር ጥሎ ሸሸ። "ራዲዮ ባይኖር ማንም አይወጣም ነበር" አለኝ ቲቶ። ማርኮስ ራሱ ይህን አስቀድሞ ያውቅ ነበር። በ1972 ወታደራዊ ሕግ ሲያውጅ መጀመሪያ የዘጋው ጋዜጣና ጣቢያዎቹን ነው። ዛሬ ፕሬዚዳንቱ የዚያው ሰው ልጅ ነው።

ቲቶ ስለዚያ ብዙ ማለት አልፈለገም። ከእሱ ይልቅ በ2020 ስለተዘጋው ኤቢኤስ-ሲቢኤን አወራ። ጣቢያው ሜይ ላይ ፈቃዱ ሳይታደስ ቀርቶ ከአየር ወረደ፣ ጁላይ ላይ የምክር ቤት ኮሚቴ አዲስ ፈቃድ ከለከለው። በየክልሉ ቋንቋ ያወጣቸው የነበሩ ዜናዎችም በዚያው ዓመት ቆሙ። ኮቪድ ሀገሩን ዘግቶት ሳለ ነው ይህ የሆነው። የዚያኔ የሰው ሁሉ ዓይን ቴሌቪዥን ላይ ነበር።

ሐሙስና ዓርብ፣ ታኅሣሥ 24 እና 25፣ ሴቡና ማክታን

በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ጓደኛዬ ሴቡ እንደረገጠች ትከሻዋ ላላ። ማኒላ ውስጥ ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። ታጋሎግ ስታወራ የደቡብ ሰው መሆኗ ስለሚታወቅባት ይስቁባታል። በቴሌቪዥን ድራማ ውስጥም የቤት ሠራተኛዋ ብዙ ጊዜ እንደ እሷ ዓይነት ዘዬ ነው ያላት። እሷ የምትናገረው ሴብዋኖ ግን የሚሊዮኖች ቋንቋ ነው። የታክሲ ሾፌሩን እኔ ማኒላ በተማርኳት ታጋሎግ ሰላም ስለው በእንግሊዝኛ መለሰልኝ። "እዚህ እንዲህ ነው" አለችኝ ጓደኛዬ። "ከታጋሎግ እንግሊዝኛ ይሻለናል። እንግሊዝኛ የማንም አይደለም።" በ1937 የያኔው ፕሬዚዳንት ኬሶን ታጋሎግን የብሔራዊ ቋንቋ መሠረት ሲያደርገው የቀረው ቅሬታ ነው። ይህን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ሴቡ ውስጥ ሩዝ በኮኮናት ቅጠል ተጠልፎ ይቀቀላል፣ ፑሶ ይሉታል። አንዱ 10 ፔሶ ነበር። ሦስት በላሁ፣ ከቲማቲምና ከሽንኩርት ጋር።

ማክታን ላይ የላፑ-ላፑ ሐውልት አለ። ኤፕሪል 27 ቀን 1521 ለስፓኝ ይጓዝ የነበረውን መርከበኛ ማጄላንን ድል ያደረገው የደሴቱ አለቃ ነው። ማጄላን እዚያው ሞተ። ትንሽ አለፍ ሲል በዚያው መናፈሻ ውስጥ ስፓኞች በ1866 ያቆሙት የማጄላን ሐውልት አለ። ገዳይና ሟች በአንድ ግቢ ይኖራሉ። ከሁለቱም ጋር ፎቶ የሚነሳ ሰው አየሁ። እሑድ ደግሞ ያው ሰው ማጄላን ለሴቡ ንግሥት ሰጣት የሚባለውን የሕፃኑን ኢየሱስ ምስል ሊሳለም ይሰለፋል። ይህ ግራ ያጋባኛል ብዬ ነበር። አላጋባኝም። እምነቱ ከየት እንደመጣ ያውቃሉ፣ አሁን ግን የእነሱ ነው።

ሆቴሉ ፎርም ሲሰጠኝ የቤተሰብ ስም ጠየቀኝ። የአያቴን ስም ጻፍኩ። እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር እንደሌለ ለጓደኛዬ ስነግራት ሳቀች። የእሷን ስም የሰጣቸው አንድ ገዢ ነው። በ1849 ክላቬሪያ የሚባለው የስፓኝ አስተዳዳሪ የስም ዝርዝር መጽሐፍ አስበትኖ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከዚያ ስም እንዲይዝ አዘዘ። ግብር መሰብሰብና ሕዝብ መቁጠር እንዲቀለው ነበር። በደሟ ውስጥ ስፓኝ የለም፣ ስሟ ግን ስፓኝ ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 26 (ጃኑዋሪ 4)፣ የሴቡ ወደብ

ወደ ቦሆል ደሴት ፈጣኑ ጀልባ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። 800 ፔሶ ከፍለን በማለዳ ወደቡ ላይ ነበርን። ባሕሩ ተናውጧል ተብሎ ጉዞ ታገደ። ትኬታችንን ለነገ ለማስቀየር ሦስት ሰዓት ተሰለፍን፣ መስኮቱ ጋ ስንደርስ ሲስተም የለም ተባልን። ሻንጣ ላይ ተቀምጠን ዋልን።

ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን የአየር ሁኔታውን ከማኒላ በታጋሎግ ያወራል፣ መሐል መሐሉን በእንግሊዝኛ ቃል እየሞላ። አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት ትንሽ ራዲዮ ጆሯቸው ላይ ለጥፈዋል፤ በሴብዋኖ ነው። ከቴሌቪዥኑ ቀድመው "ነገ ይሄዳል" አሉን። ልክ ነበሩ።

ጓደኛዬ ስለ ዮላንዳ የነገረችኝ እዚያ ነው። ኖቬምበር 8 ቀን 2013 ሌይቴ ደሴትን የመታው አውሎ ነፋስ ነው። ነፋሱ ከመምጣቱ በፊት ማስጠንቀቂያው በቴሌቪዥንም በራዲዮም ተነግሯል። የተነገረው ግን "ስቶርም ሰርጅ" ይመጣል ተብሎ ነው፣ በእንግሊዝኛ። ነፋሱ ባሕሩን ገፍቶ ወደ ከተማ ያስገባዋል ማለት ነው። ታክሎባን ከተማ ውስጥ ብዙ ሰው ቃሉን አልተረዳውም። ዝናብና ነፋስ ነው ብሎ ቤቱ ቆየ። ውኃው እንደ ግድግዳ ቆሞ መጣ። ከስድስት ሺህ በላይ ሰው ሞተ። የተረፉት "ሱናሚ ብትሉን ኖሮ እንሸሽ ነበር" አሉ።

ስለ ቅኝ ግዛት ብዙ ክርክር ሰምቼ አውቃለሁ። ከዚህ የከበደ ግን ሰምቼ አላውቅም። ዜናው ደርሷቸዋል። የገዛ ሀገራቸው ጣቢያ ነው የነገራቸው። የሞቱት በአንድ ቃል ምክንያት ብቻ ነው አልልም። ግን ያ ቃል በእናታቸው ቋንቋ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ይተርፍ ነበር?

እኛ ቅኝ አልተገዛንም እንላለን፣ እውነት ነው። ሆኖም ልጆቻችን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውን በእንግሊዝኛ ይሸመድዳሉ። ያን ማታ ወደቡ አጠገብ 900 ፔሶ የከፈልንበት ክፍል ውስጥ ጣሪያውን እያየሁ ይህን ሳስብ አመሸሁ።

እሑድና ሰኞ፣ ታኅሣሥ 27 እና 28፣ ቦሆል

ባሕሩ አሁንም አልተረጋጋም ነበር። ሁለት ጊዜ አስመለሰኝ። መሬት ስረግጥ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፣ የጓደኛዬ አያት በር ላይ ቆመው "ካኦን ታ!" አሉኝ። "እንብላ" ማለት ነው። ከሰላምታ በፊት እንብላ የሚል ሌላ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም ነበር።

አያት "ሎላ" ይባላሉ። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ስለ ጾሜ ሲነገራቸው ቲታን እንዳስጨነቀ አላስጨነቃቸውም። "ሥጋ የለም፣ ዓሣ የለም፣ እሺ" ብለው ሞንጎ የሚባለውን አረንጓዴ ጥራጥሬ ጣዱ። ላዩ ላይ ከጓሮ ቅጠል ሸምጥጠው ጨመሩበት። ቅጠሉን ሳየው ጮህኩ። ሽፈራው ነው! ኮንሶዎች የሚበሉት ዛፍ የቅርብ ዘመድ። እነሱ ማሉንጋይ ይሉታል። ከመጣሁ ጀምሮ እንደ ቤቴ የበላሁት ያን ቀን ነው።

ሎላ ትምህርት ቤት የገቡት ከጦርነቱ በኋላ ነው። አሜሪካኖች በ1901 "ቶማስ" በሚባል መርከብ ወደ አምስት መቶ የሚጠጉ አስተማሪዎች አምጥተው ትምህርቱን ሁሉ እንግሊዝኛ አድርገውት ነበርና እሳቸውም በዚያው ተማሩ። ግቢ ውስጥ ሴብዋኖ ያወራ ልጅ አምስት ሳንቲም ይቀጣል። "እናቴ ዓሣ ሸጣ የምትሰጠኝን ሳንቲም በአፌ ጨረስኩት" አሉኝ።

የጓደኛዬ ታላቅ እህት አቴ የመንደሩ አስተማሪ ናት። አንደኛ ክፍልን ለዓመታት በሴብዋኖ ስታስተምር ቆይታለች፣ ሕጉ ያዝዝ ነበር። በ2024 ኦክቶበር የወጣው ሕግ ግን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማር ግዴታ መሆኑን አስቀረው። "መጽሐፍ አልነበረንም፣ ሥልጠናም አልበቃንም" አለች። "ግን ልጆቹ ይጠይቁ ነበር። በእንግሊዝኛ ሳስተምራቸው ዝም ይላሉ።"

ማታ ወረቀት አመጣችና ባይባዪን ጻፈችልኝ። ስፓኞች ከመምጣታቸው በፊት የነበረ ፊደል ነው። አሥራ ሰባት ምልክት አለው። "ባ" ላይ ከላይ ነጥብ ብታደርግ "ቢ"፣ ከታች ብታደርግ "ቡ"። እኔ ደግሞ ከጎኑ በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ ብዬ ጻፍኩ። ሁለታችንም ወረቀቱን አየነው። ሳድስ ስላልነበራቸው የቃሉን መጨረሻ ይውጡት ነበር። በ1620 አንድ ቄስ መስቀል መሳይ ምልክት ጨምሮ ሊያስተካክለው ቢሞክር አልለመደላቸውም። በ1593 ማኒላ የታተመው የመጀመሪያ የክርስትና መጽሐፍ በዚህ ፊደልም ነበር። ከዚያ ላቲኑ ዋጠው። አቴ የወረቀት ብር አውጥታ ወደ መብራቱ አቀናችው። ብርሃን ሲያልፍበት ብቻ "ፒሊፒኖ" የሚለው ቃል በባይባዪን ይታያል።

ፊደሌን እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

ማክሰኞና ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 29 እና 30፣ ገናና መመለሻ

ሎላ ዶሮ አረዱልኝ። ከዱባይ በርበሬ ይዤ ስለነበር ሽንኩርቱን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሬ አቁላላሁ። ጎረቤት በሽታው ተነስቶ መጣ። እንጀራ የለም፣ በሩዝ በላነው፣ በእጃችን። ሎላ እንባቸው እየወረደ ሁለተኛ እንቁላል ጠየቁ።

ራዲዮው ጓዳ ውስጥ ይጮሃል። ሎላ "እናንተ ሀገር ራዲዮው በምን ያወራል?" አሉኝ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሌሎችም አልኳቸው።

"ሁሉም ሰው ይሰማዋል?"

"ሁሉም አይሰማም፣ ሎላ።"

ዝም አሉ። ከዚያ "ጎርፍ በእናንተ ምን ይባላል?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "ጎርፍ" ብለው ደገሙት፣ መጨረሻዋ ላይ ከንፈራቸውን እየነከሱ። በእሳቸው "ባሃ" ነው።

በማግስቱ ባሕሩ ጸጥ አለ። ሎላ በኮኮናት ቅርፊት የታሸገ፣ በቀይ ወረቀት የተጠቀለለ ካላማይ ሰጡኝ፣ እንደ ማር የሚለጠጥ ጣፋጭ ነው። ሴቡ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፈታሿ አገላብጣ አየችው። "ከቦሆል ነው?" አለችኝ በሴብዋኖ። "ከቦሆል" አልኳት። አሳለፈችኝ።